ከፈርዖን ጀርባ የነበሩት ሰዎች

 

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በአንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በየረመዳኑ አንድ ምሽት ተሰባስበው ያፈጥራሉ። ምንጣፉ የሚነጠፈው ለሠርግም ለለቅሶም በሚያገለግለው የጋራ ቤት ውስጥ ነው። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል። ከአራተኛ ፎቅ ሳምቡሳ፣ ከሁለተኛ ፎቅ ሾርባ፣ ከምድር ቤት ደግሞ ተምርና እርጎ ይመጣል። ዘንድሮ እኛም ተጋብዘን ከመካከላቸው ተቀመጥን። በዕለቱ ቧንቧው ደርቆ ስለዋለ ልጆቹ የውዱእ ውሃ በጀሪካን ሲያመላልሱ ነው የዋሉት።

አዛን እስኪሰማ ድረስ የሰፈሩ ኡስታዝ ለልጆቹ የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ይተርኩላቸው ነበር። ሕፃኑ በሣጥን ሆኖ በወንዝ ላይ መጣሉን፣ ፈርዖን የበኒ ኢስራኢልን ወንዶች ልጆች ማስገደሉን፣ በመጨረሻም ባሕሩ መከፈሉን ነገሯቸው። ሲጨርሱ አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ኡስታዝ፣ ታዲያ ግብፆች ሁሉ የፈርዖን ልጆች ናቸው ማለት ነው?» አላቸው። ኡስታዙ ከመመለሳቸው በፊት ታላቅ ወንድሙ ቀደመ። «አዎ! ለዚህ አይደል በዓባይ ውሃ የሚጨቀጭቁን?»

ትልልቆቹ ሳቁ። ጥግ ላይ የተቀመጡት አያት ግን አልሳቁም። «የኔ ልጅ፣ ያንን ሕፃን አትግደሉት ያለችው ሴትስ ከየት አገር ናት?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ዝም አለ። በዚያው ቅጽበት አዛኑ ተሰማ፤ ተምሩ ዞረ፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረ።

የልጁ ጥያቄ ግን ከአእምሯችን አልወጣም። ፈርዖንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእሱ በታች ይኖር ስለነበረው ሕዝብ ግን ለልጆቻችን የምንነግራቸው ጥቂት ነው። ምን ይበሉ ነበር? በምን ዓይነት ቤት ይኖሩ ነበር? ከሞት በኋላስ ምን ይጠብቁ ነበር? በዛሬው ዓምዳችን ወደ እነዚያ ሰዎች ቤት ገባ ብለን እንወጣለን።

ጥቁሩ ምድርና ቀዩ ምድር

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ኮረብታው ቀይ ይባል እንጂ በአቃቂ ዙሪያ ያለው ሜዳ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ። የጥንት ግብፃውያንም አገራቸውን የሚጠሩት በአፈሩ ቀለም ነበር። በወንዙ ዳርና ዳር ያለውን ለም መሬት «ከሜት» ይሉታል፤ ጥቁሩ ምድር ማለት ነው። ከዚያ አልፎ የሚዘረጋውን በረሃ ደግሞ «ደሽሬት»፣ ቀዩ ምድር ይሉታል። በጥቁሩ ላይ ያርሳሉ፣ ይኖራሉ። ሙታናቸውን የሚቀብሩት አብዛኛውን ጊዜ በቀዩ ዳርቻ ነው።

ያ ጥቁር አፈር ከየት መጣ? አብዛኛው የሄደው ከእኛው ተራሮች ነው። በክረምት ዝናብ የታጠበውን አፈር ዓባይና ተከዜ ተሸክመው ይወርዳሉ። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች መሆኑን ብዙዎቻችን ሰምተናል። በጥንት ጊዜ በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ በግብፅ ማሳዎች ላይ ይተኛ ነበር። ሲሸሽ ደለሉን ትቶ ይሄዳል፤ ገበሬውም በዚያ ርጥብ አፈር ላይ ዘሩን ይበትናል። ሙላቱ ካነሰ ረሃብ ነው፤ ከበዛ ደግሞ ቤት ይፈርሳል። ይህ ዑደት በግብፅ ምድር የቆመው የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ለልጆች የሚነገር አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። በቱሉ ዲምቱ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ግብፅ አይደርስም። ከእንጦጦ ወዲህ ያለው ውሃ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል። ከእንጦጦ ወዲያ በሱሉልታ በኩል የሚዘንበው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ግብፅ ይሄዳል። የአንድ ከተማ ሰዎች ሆነን፣ የአንድ ቀን ዝናብ ተራራው ጫፍ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

ግብፃውያን ዓመታቸውን የከፈሉትም በዚሁ ወንዝ ነው። ሦስት ወቅቶች ነበሯቸው፤ የሙላት፣ የቡቃያና የመኸር። እያንዳንዱ ወቅት አራት ወር፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነው። በመጨረሻ አምስት ቀን ይጨምሩና 365 ይሞላሉ። ይህ አቆጣጠር አዲስ አልሆነባችሁም መቼም! ያ ስሌት በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል አልፎ ዛሬ ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው የኢትዮጵያ ካሌንደር ሆኗል። በኋላ ዘመን በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን ተጨመረበት እንጂ ጳጉሜን ከእነሱ የወረስናት ናት። እነሱ አምስቱን ቀናት የአምስት ጣዖቶቻቸው ልደት አድርገው ያከብሯቸው ነበር። እምነቱ ጠፋ፤ ቁጥሩ ቀረ። ዛሬ እኛ ለጾማችን የሒጅራን፣ ለቤት ኪራያችንና ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ደግሞ ይህንን አቆጣጠር እንጠቀማለን።

ሽንኩርት፣ ምስርና የጭቃ ቤት

ስለ ግብፃውያን ማዕድ ማወቅ የሚፈልግ ሙስሊም ቁርኣን መግለጥ ይበቃዋል። በሱረቱል በቀራህ 61ኛ አንቀጽ ላይ በኒ ኢስራኢል በምድረ በዳ ሳሉ አንድ ዓይነት ምግብ ሰልችቷቸው ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ምን እንደለመኑ ተነግሮናል። የተመኙት ቅጠላ ቅጠል፣ ዱባ መሰል አትክልት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስርና ቀይ ሽንኩርት ነበር። አንዳንድ ሙፈሲሮች ነጭ ሽንኩርት የተባለውን ስንዴ ነው ብለው ተርጉመውታል። ያንን ምግብ የለመዱት በግብፅ ነው። የመቃብር ሥዕሎችና ከአሸዋ ሥር የተገኙ የምግብ ቅሪቶችም ይህንኑ ማዕድ ያሳዩናል። ለብዙው ሰው ሥጋ የበዓል ምግብ ነበር፤ የዘወትሩ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና ተምር ነው።

ዳቦው የሚጋገርበት ዋነኛ እህል የእኛ ገበሬዎች «አጃ» የሚሉት ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነው። ዛሬ ለሾርባ ከሱቅ የምንገዛው የታሸገው አጃ ሌላ ነው። ያኛው አሁንም በባሌና በአርሲ ይዘራል፤ ለገንፎና ለቂንጬ ይሆናል። በግብፅ ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ተንበርክከው ይፈጩታል። የድንጋዩ ብናኝና የበረሃው አሸዋ ከዱቄቱ ጋር ስለሚቀላቀል የብዙ ሙሚዎች ጥርስ ተበልቶ ተገኝቷል። ዳቦ በራስ ተሸክሞ መሄድንም ከነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውሳለን። አብሯቸው የታሰረው ሰው በሕልሙ ያየው፣ በራሱ ላይ ዳቦ ተሸክሞ ወፎች ሲበሉለት ነበር።

ቤታቸው ድንጋይ አልነበረም። ድንጋዩ ለመቃብርና ለቤተ ጣዖት ነው። ገበሬውም፣ ባለሥልጣኑም፣ ንጉሡ ራሱም የሚኖሩት ከወንዝ ጭቃና ከጭድ በተሠራ ጡብ ቤት ውስጥ ነበር። አያቶቻችን ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ረግጠው ቤት ሲመርጉ ያየ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። በሙቀት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥተው ይተኛሉ። ትራሳቸው በአገራችን ደቡብና ምዕራብ አካባቢ እንዳለው ዓይነት ከእንጨት የተጠረበ ነው። የልጆቻቸውን ራስ ይላጩና በአንድ ጎን ቁንጮ ይተዉላቸዋል። ወንዱም ሴቱም ዓይኑን ይኳላል።

ቀለብ ሲዘገይ

በቱሉ ዲምቱ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በደመወዝ ነው። አባት ወይም እናት ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ይሠራሉ። ወሩ አልቆ ደመወዝ ሲዘገይ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም። በተለይ በረመዳን!

በደቡብ ግብፅ፣ ዛሬ ዴይር ኤል መዲና በሚባለው ስፍራ፣ በግንብ የታጠረች ትንሽ የሠራተኞች መንደር ነበረች። ወደ 70 የሚጠጉ ቤቶች ነበሯት። ነዋሪዎቿ የነገሥታቱን መቃብር ከዓለት የሚፈለፍሉ ጠራቢዎችና ሠዓሊዎች ነበሩ። ሳምንታቸው አሥር ቀን ሲሆን ስምንት ቀን ሠርተው ሁለት ቀን ያርፋሉ። ገንዘብ ስላልነበረ የሚከፈላቸው በእህል ነው፤ ለአንድ ተራ ሠራተኛ በወር አራት ከረጢት ስንዴና አንድ ተኩል ከረጢት ገብስ። ከዚያ በተጨማሪ ዓሣ፣ አትክልት፣ ማገዶና ውሃ ይቀርብላቸዋል። መንደሯ ምንጭ ስላልነበራት ውሃው በአህያ ተጭኖ ይመጣ ነበር።

የእነዚህ ሰዎች የቀሪ መዝገብ ሳይቀር ዛሬ ድረስ አለ። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ የኖራ ድንጋይ ስባሪ ከዛሬ 3 ሺህ 200 ዓመት በላይ በፊት፣ በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ የንግሥና ዓመት፣ ማን በየትኛው ቀን ከሥራ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ይዘረዝራል። አንዱ ዓይኑን ታሞ ነው። ሌላውን ጊንጥ ነድፎታል። ሌላው ደግሞ ዘመዱ ሞቶበት ቀብር ላይ ነው። ሰው ሁሌም ሰው ነው፤ ያማል፣ ያለቅሳል፣ አለቃውን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከዚያ ወደ 80 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ የሠራተኞቹ ቀለብ ቀረ። 18 ቀን ጠብቀው አልመጣም። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ጥለው የመንደሩን የጥበቃ ኬላ አልፈው ወጡ፤ ሄደውም ከአንድ ቤተ ጣዖት ጀርባ ተቀመጡ። ባለሥልጣናት መጥተው ቢለምኗቸው አልተነሡም። ወደዚህ ያመጣን ረሃብና ጥም ነው፤ ልብስ የለንም፣ ዓሣ የለንም፣ አትክልት የለንም፤ ይህንኑ ለንጉሡ ጻፉልን አሉ። ነገሩን የመዘገበው ፓፒረስ ዛሬ በጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ በሚገኘው የግብፅ ሙዚየም ተቀምጧል። በጽሑፍ ተመዝግቦ ከቆየልን የሥራ ማቆም አድማ ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ይህን ስናነብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ያዘዙትን አስታወስን። በየቤታችን የምታግዘን ሠራተኛ፣ በየሱቃችን የሚውለው ወጣት በዚህ ወር ከእኛ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ልጆቿን የከሰሰች እናት

በዚያችው መንደር ናውናኽቴ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። በግብፅ ሴት በስሟ ንብረት ታፈራለች፣ ትወርሳለች፣ ሸንጎ ፊት ቆማ ትናገራለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1145 ገደማ ይህች ሴት አርጅታ በምስክሮች ፊት ቀረበችና ስለ ንብረቷ ኑዛዜ አደረገች። ስምንት ልጆች አሳድጋለች፤ ጎጆ ሲወጡም እንደ ወጉ ዕቃ አሟልታ ሰጥታቸዋለች። ካረጀች በኋላ ግን አንዳንዶቹ ዞር ብለው አላዩዋትም። እሷም የጦረችኝ ትውረሰኝ፣ የጦረኝ ይውረሰኝ፤ ያልጦሩኝ ግን ከእኔ ድርሻ አያገኙም አለች። ቃሏ በጸሐፊ ተጽፎ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

በእስልምና የውርስ ድርሻ በሸሪዓ የተወሰነ ስለሆነ እናት እንዲህ ልታደርግ አትችልም። የእናትየዋ ኀዘን ግን ትርጉም አያሻውም። በረመዳን ለወላጆቻችን ስልክ ስንደውል፣ ወይም «ነገ እደውላለሁ» ብለን ስናሳልፈው፣ ይህችን ሴት ማስታወስ ደግ ነው።

ልብ በሚዛን ላይ

ወደ እምነታቸው ስንመጣ ግን መንገዳችን ይለያያል። የጥንት ግብፃውያን ብዙ አማልክት ያመልኩ ነበር። ለፀሐይ፣ ለወንዙ ሙላት፣ ለእናትነት፣ ለጥበብ ሁሉ አምላክ ነበራቸው። ንጉሣቸውንም የአማልክት ወገን ያደርጉት ነበር። «ፈርዖን» የሚለው ቃል መጀመሪያ «ታላቁ ቤት» ማለት ነበር፤ ቤተ መንግሥቱን እንጂ ሰውየውን አያመለክትም። ለንጉሡ ራሱ መጠሪያ የሆነው በኋለኛው ዘመን ነው። ቁርኣን የነቢዩ ዩሱፍን ዘመን ገዥ «ንጉሥ» ብሎ፣ የነቢዩ ሙሳን ዘመን ገዥ ግን «ፈርዖን» ብሎ መጥራቱን ያስተዋሉ ብዙ ናቸው።

ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብለው ያምኑ ነበር። አቅም ያለው ሰው ሲሞት አስከሬኑን አድርቀው በጨርቅ እስከሚጠቀልሉት ድረስ 70 ቀን ይፈጃል። አንጎሉን አውጥተው ይጥላሉ፤ ልቡን ግን ከውስጡ አያወጡም። ምክንያቱም በወዲያኛው ዓለም ልቡ በሚዛን ይቀመጣል ብለው ያስባሉ። በአንዱ ወገን ልብ፣ በሌላው ወገን የእውነት ምልክት የሆነች ላባ። ልቡ በኃጢአት ከከበደ የአዞ ራስ ያላት አውሬ ትበላዋለች። ሟቹም አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም፣ ሚዛን አላጭበረበርሁም እያለ ለ42 ፈራጆች መናገር አለበት።

ሚዛን ሲባል የእኛ ጆሮ ቶሎ ይቀና ይሆናል። ነገር ግን ልዩነቱ የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ግብፃውያን ልባቸው እንዳይመሰክርባቸው መላ ፈለጉ። በጢንዚዛ ቅርጽ ድንጋይ ቀርጸው፣ በላዩ ላይ ልቤ ሆይ አታጋልጠኝ የሚል ይዘት ያለው ድግምት ጽፈው ከሟቹ ደረት ላይ ያስቀምጡ ነበር። እኛ ግን በሱረቱ ያሲን እንደተማርነው በዚያ ቀን እጅና እግር ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ዝም የሚያሰኛቸው ድንጋይ የለም። ባለጸጋው ግብፃዊ ከወርቅ፣ ከአልጋና ከዳቦ ጋር ይቀበር ነበር። ከእኛ መካከል ሀብታሙም ድሃውም በነጭ ከፈን ይሸኛል።

የፈርዖን አገር ሰዎች

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ግብፃውያን ሁሉ የፈርዖን ልጆች ናቸው?

ቁርኣን ራሱ አይደሉም ይለናል። የፈርዖን ሚስት ለምእመናን ሁሉ ምሳሌ ሆና ተጠቅሳለች፤ በሐዲስ ስሟ አሲያ ነው። ከፈርዖን ቤተሰብ የሆነ፣ እምነቱን የደበቀ አንድ ሰው ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዳይገድሏቸው ተነሥቶ ተከራክሯል። ሽልማት ተስፋ ተደርጎላቸው የመጡት ድግምተኞችም እውነቱን ባዩ ጊዜ ሱጁድ ወርደዋል፤ እጅና እግራቸው እንደሚቆረጥ እየተዛተባቸው። እነዚህ ሁሉ የፈርዖን አገር ሰዎች ናቸው። ፈርዖን የተነቀፈው ግብፃዊ በመሆኑ ሳይሆን ሰውን በመጨቆኑና ራሱን ጌታ በማድረጉ ነው።

ከዚህም በላይ የእስማዒል (ዐ.ሰ) እናት ሐጀር ከግብፅ ናቸው። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂምን የወለዱት ማሪያም ከግብፅ ናቸው። በሰሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሰሓቦቻቸው ስለ ግብፅ ሲነግሯቸው፣ ቃል ኪዳንና ዝምድና ስላላቸው ለሕዝቧ መልካም እንዲውሉ አዘዋል። ይህን ለኛ ለሐበሾች መንገር ከባድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ የተቀበሏቸው በዘራቸው ተመዝነው አልነበረም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በውሃው ላይ የመንግሥታት ክርክር ይኖራል፤ የራሳችንን ጥቅም መጠየቅም መብታችን ነው። ነገር ግን በክርክሩ መሃል ዛሬ በካይሮ ዳርቻ በኮንዶሚኒየም መሰል ሕንፃ ላይ ሆና ለልጆቿ የምስር ሾርባ የምታሞቀውን እናት «የፈርዖን ልጅ» ብለን ከጠራናት፣ ቁርኣን ያልሰጣትን ስም ሰጠናት። ልጆቻችን ይህን ከእኛ አፍ ነው የሚማሩት። ኢፍጣር ላይ ሳቅ ብለን ስናልፈው እንኳ ይማሩታል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመልሰን ልጁን አገኘነውና ያነበብነውን ነገርነው። ስለ ወርቁና ስለ ሙሚው ብዙም አልተደነቀም። ስለ ሠራተኞቹ ስንነግረው ግን ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ከዚያ ተከፈላቸው?» አለን።

የኋላው ወር ቀለብ ከብዙ ክርክር በኋላ እንደተሰጣቸው፣ ችግሩ ግን በዚያ እንዳላበቃ፣ ደግመው ደጋግመው አድማ እንደመቱ ነገርነው።

«መከፈል ነበረባቸው» አለና ጀሪካኑን አንሥቶ ደረጃውን ወጣ።

አያትየው ከላይ በረንዳ ላይ ቆመው እየሰሙ ነበር። ፈገግ ሲሉ አየናቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንንና ሰላታችንን ይቀበለን። ልጆቻችንን በዳይን የሚጠሉ፣ ሰውን በወገኑ የማይፈርጁ ያድርግልን። መልካም ኢፍጣር!